ልጆች መርጠው በእጃቸው የሚማሩበት የኬጂ ክፍል፦ ሳይተራመስ በስድስት ሳምንት

"ልጆቹን ለቀቅኳቸው፣ ክፍሉ ገበያ ሆነ።" ከአያት ወዲያ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከጀሞ ጀርባ ካሉ ኬጂዎች የሚመጡ መምህራን ስንገናኝ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ስልጠና ይወስዳሉ፣ ሰኞ በሙሉ ልብ ይጀምራሉ፣ ሐሙስ ሲደርስ "ከእኔ በኋላ በሉ" ላይ ተመልሰው አገኛቸዋለሁ። እኔም አልፌበታለሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ አምስት የጨዋታና የሥራ ጥግ በአንድ ጠዋት ከፈትኩ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሽምብራው ወለል ላይ፣ ውሃው ጫማ ውስጥ፣ አንዷ ሽምብራ ደግሞ የአንድ ልጅ አፍንጫ ውስጥ ነበረች።

ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን አላውቀውም ነበር። ልጅ ይምረጥ ሲባል መምህሯ ትረፍ ማለት የሚመስላቸው አሉ። ልጁ እንደልቡ የሚያነሳት፣ አንድ ሥራ ከነእቃው የያዘች እያንዳንዷ ትሪ ግን ከትናንት ጀምሮ በእናንተ እጅ ተቆጥራለች፣ ታጥባለች፣ ተሞክራለች። ሥራው ከክፍሉ ሰዓት በፊት ያልቃል።

ቀጥሎ ያለው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው 45 ገደማ ልጆች፣ አንዲት መምህርት፣ አንዲት ረዳትና ጠባብ ክፍል ላላችሁ ነው። የ3 ዓመት ልጆች ካሉባችሁ የጥራጥሬውን ሥራ በሙሉ ዝለሉት፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን አስፈቅዱ

ዳይሬክተሩን "ትምህርቱን ልቀይረው ነው" አትበሉ። "በቀን 70 ደቂቃ ይስጡኝ" በሉ። 35 ደቂቃ ለግማሹ ክፍል፣ 35 ደቂቃ ለሌላው ግማሽ። የቀረው ቀን እንደነበረው ይቀጥል።

1. ሰዓቱን ከ3፡30 እስከ 4፡40 አድርጉት። ከዚያ በፊት ልጆቹ ገና እየገቡ ነው። ከህዳር እስከ ጥር ደግሞ ጠዋቱ ይበርዳል፤ ቆፈን የያዘው ጣት ምስር አያነሳም።

2. ክፍሉን ለሁለት ክፈሉ። 23 ልጆች ውስጥ ከእናንተ ጋር፣ 22ቱ ውጭ ከረዳቷ ጋር፤ ከ35 ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ነው፤ 45ቱንም በአንዴ ያስጀምራል።

3. ረዳት ከሌለ በቀን 12 ልጆች ብቻ ትሪ ይያዙ፤ ሌሎቹ ዴስካቸው ላይ ይሳሉ። በማግስቱ ተራው ይዙር። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን አራቁቱ

በዳር ሰፈሮች ያሉ ብዙ ኬጂዎች ለመኖሪያ በተሠራ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ክፍሉ የአንድ ሰው መኝታ ቤት የነበረ ነው። ስለዚህ እቃ ከማስገባታችሁ በፊት አውጡ።

1. ከዴስኮቹ ግማሹን በረንዳ ላይ አውጡ። ሁሌም ግማሹ ልጅ ወንበር ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚሠራው።

2. ተንበርከኩና ዙሪያውን እዩ። ከዚያ ከፍታ የማይታይ ነገር ለልጁ የለም። ጣሪያ ስር የተለጠፈውን የፊደል ገበታ አውርዱት።

3. መደርደሪያ ሥሩ። ጣውላና ብሎኬት ይበቃል፤ ከሁለት ፎቅ አይበልጥ፣ ከልጁ ደረት አይለፍ። ግድግዳ አስደግፉት፤ ከዚያ እናንተ ራሳችሁ በሁለት እጅ ወደ ፊት ሳቡት። ከተነቃነቀ በሽቦ ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ብሎኬት እግር ላይ ሲወድቅ ቀልድ አይደለም።

4. ከማዳበሪያ ከረጢት 50 በ70 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 12 ምንጣፎች ቁረጡ፤ ጫፋቸውን ስፉ። ምንጣፍ የዘረጋ ልጅ ያቺ ቦታ የእሱ ናት። ማንም አይረግጣትም፣ እናንተም ጭምር።

5. የሚጮኸውን ከዝምተኛው አርቁ። ግንባታና እቃ እቃ በአንድ ወገን፣ ትሪና መጽሐፍ በሌላ ወገን።

ደረጃ 3፦ እቃ ልቀሙ፣ ግማሹን ጣሉ

ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈሩን ዙሩ። ኮንዶሚኒየም እየተሠራ ባለበት ሰፈር እንጨት ቁርጥራጭ አይጠፋም፤ አናጺው ዘንድ ሂዱና ጠርዙን አለስልሶ እንዲሰጣችሁ ለምኑት። ሻይ ቤት ቆርኪ ያጠራቅምላችኋል፣ ልብስ ሰፊ ቁልፍና ቁራጭ ጨርቅ ይሰጣል። ወላጆች ሃይላንድ ከነክዳኑ፣ ያልተሰነጠቀ ሲኒ፣ አሮጌ ሸሚዝ፣ ትንሽ ሰፌድ ይልካሉ። "አሻንጉሊት ላኩ" አትበሉ፤ የሚመጣው የተሰበረ ነው።

ከዚያ መጣል ጀምሩ፦

• ክብ ትንሽ ባትሪ የሚገባበትን ማንኛውንም አሻንጉሊት፣ ሰዓትና የሚዘፍን ካርድ አትቀበሉ። ባትሪው ከተዋጠ ጉሮሮን በሰዓታት ውስጥ ያቃጥላል።

• የመድኃኒት፣ የቀለም፣ የበረኪና እና የፀረ ተባይ እቃ ቢታጠብም አይግባ።

• ጣሳ ከሆነ ጠርዙን በመዶሻ አጥፉና በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉ። ቆርኪም ጥርስ አለውና ጣታችሁን ዙሪያውን አሂዱበት።

• ልጆች ከሜዳ ፍሬ ለቅመው ሲመጡ እዩት። ጉሎና አስተናግር በየአጥሩ ጥግ ይበቅላሉ፤ የሁለቱም ፍሬ መርዝ ነው። የጉሎዋ ዝንጉርጉር ፍሬ ደግሞ ታምራለች፣ ልጅ አይተዋትም።

• አሸዋ ከግንባታ ቦታ ስትወስዱ ከሲሚንቶ ያልተቀላቀለውን ምረጡ፤ ሲሚንቶ እርጥብ ቆዳን ይልጣል። በወንፊት ንፉት፣ በውሃ እጠቡት፣ ፀሐይ አስመቱት፤ ማታ ማታ በሸራ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ የድመት መጸዳጃ ይሆናል።

የመጠን ሙከራ፦ ሶፍት ሲያልቅ መሀሉ ላይ የሚቀረውን ካርቶን ያዙ። በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ የ3 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ለትልልቆቹም ቢሆን ጥራጥሬና ቆርኪ የሚወጣው አዋቂ አጠገባቸው ሲኖር ብቻ ነው።

ትን ቢለው፦ ማሳል ከቻለ ያስል፣ አትንኩት። ማሳልም ድምፅ ማውጣትም ካቃተው ወደ ፊት ጎንበስ አድርጉትና በትከሻዎቹ መሀል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ በጨበጣችሁት እጅ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እየተፈራረቀ ይቀጥል፤ ሌላው ሰው ለአምቡላንስ በ907 ወይም በ939 ይደውል። ረዳቷም ይህን በእጇ ትለማመደው፣ በወሬ ብቻ አይቅር።

አፍንጫው ውስጥ ቢከት፦ በጣትም በወረንጦም አትጎርጉሩ፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃ አታፍስሱበት፤ ጥራጥሬ ውሃ ሲነካው ያብጣል። በአፉ እንዲተነፍስ ንገሩት፣ አረጋጉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እኔ በዚያ ቀን ጎርጉሬያለሁ። በእናቱ ፊት ቆሜ የተናገርኩትን ዛሬም አልረሳውም።

ደረጃ 4፦ ስድስት ትሪ፣ ሁለት ሁለት

በስድስት ዓይነት ሥራ ጀምሩ፤ እያንዳንዱን ሁለት አድርጉት፣ 12 ትሪ ይሆናል።

1. ሽምብራ ከኩባያ ወደ ኩባያ መገልበጥ።
2. ምስር በማንኪያ ከሳህን ወደ ሳህን ማዛወር።
3. ባቄላና ምስር ተቀላቅሎ በትንሽ ሰፌድ መልቀም። ይህን ማስተማር እንኳ አያስፈልግም፤ እናታቸው ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትለቅም አይተዋል፣ አቀማመጧን ሳይቀር ይደግሙታል።
4. ስድስት ሃይላንድና ስድስት የተለያየ ክዳን፤ ለየራሳቸው መግጠም።
5. ካርቶን ላይ የተወጠረ የሸሚዝ ደረት፤ መቆለፍና መፍታት።
6. በተበሳ ካርቶን ሲባጎ ማሳለፍ። የሲባጎውን ጫፍ በፕላስተር አጠንክሩት፣ አለበለዚያ ይበተንና ልጁ ይናደዳል።

እያንዳንዷን ትሪ ስታዘጋጁ አራት ነገር አረጋግጡ፦

• ሥራው አንድ ብቻ ይሁን። መገልበጥም መቁጠርም ቀለም መለየትም በአንድ ትሪ አታጭቁ።

• የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ይኑር፣ መጥረጊያ ጨርቁ ሳይቀር። ልጁ ጨርቅ ፍለጋ ከተነሳ አይመለስም።

• ሲሳሳት እቃው ራሱ ይንገረው። ክዳኑ ካልገጠመ አልገጠመም፤ እናንተ "ተሳስተሃል" ማለት የለባችሁም።

• ከመጠን አይብዛ። ሁለት እፍኝ ሽምብራ መልቀም ይቻላል፤ አንድ ኪሎ ቢደፋ ቀኑ አለቀ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ትሪውን ማታ ራሳችሁ ሥሩበት። በግራ እጅም ሞክሩ። እኔ ስንት ጊዜ ጠባብ አፍ ያለው ኩባያ አስቀምጬ ልጁን ሳማርር እንደነበር ያወቅኩት እንዲህ ነው።

ደረጃ 5፦ ዝም ብላችሁ አሳዩ (ሳምንት 1 እና 2)

ከመመሪያው ሁሉ ይህንን ደረጃ አትዝለሉ። በቀን አንድ ትሪ ብቻ ይታያል። ሃያ ሦስቱ ልጆች ዴስክ ላይ ይስላሉ፤ እናንተ ስድስት ስድስት እየጠራችሁ ምንጣፍ ዙሪያ ታስቀምጣላችሁ። ለአንድ ቡድን ስምንት ደቂቃ በቂ ነው።

1. ምንጣፉን ከመደርደሪያ አምጡ፣ ዘርጉ፣ ጠርዙን በእጃችሁ ዳስሱ።
2. ትሪውን በሁለት እጅ አምጡ። በቀስታ። ሲቀመጥ ድምፅ አያሰማ።
3. ከልጁ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ከሆናችሁ ሁሉን ገልብጦ ያያል።
4. ሥራውን አንድ ጊዜ፣ እናንተን እስኪሰለቻችሁ ድረስ በዝግታ ሥሩ። አትናገሩ። እጅና አፍ አብረው ከሠሩ ልጁ አፋችሁን ያያል።
5. ሆን ብላችሁ አንዲት ፍሬ ጣሉ። አንሱ። ወደ ቦታዋ መልሱ።
6. ትሪውን እንደነበረ አስተካክሉ። ከዚያ ብቻ "ማን ይሞክር?" በሉ።
7. የሞከረው ልጅ ትሪውን ወደ መደርደሪያ ይመልስ። መመለሱ የሥራው ግማሽ ነው።

አምና አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ይህን ስትሠራ ከኩባያዋ አንዲት ሽምብራ አምልጣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆመች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ሽምብራዋን አየሁ። እንደገና አየችኝ፤ እኔም እንደገና ሽምብራዋን። ኩባያዋን በሁለት እጅ አስቀመጠች፣ ሽምብራዋን በሁለት ጣት አነሳች፣ ወደ ኩባያው ጥላ ጆሮዋን አስጠግታ ድምፁን ሰማች። ከዚያ ሌላ ሽምብራ ሆን ብላ ጣለች። እስከ ቀኑ መጨረሻ ሥራዋ መገልበጥ ሳይሆን መጣልና መስማት ሆነ። ያኔ "እንደሱ አይደለም" ብል ኖሮ ሥራውም ልጅቷም ይጠፉብኝ ነበር።

ከስድስቱ ልጆች አንዱ ቢረብሽ፦ አትጩኹ፣ አታስረዱ። ትሪውን በሁለት እጅ አንሱና ወደ መደርደሪያ መልሱ። "ነገ እናየዋለን" በሉ። ነገ እንደገና ከአንድ ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ ምርጫውን በሚስማር ገድቡ (ሳምንት 3 እስከ 5)

በሦስተኛው ሳምንት እቃ እቃን ክፈቱ፣ በአራተኛው ግንባታን። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አትክፈቱ። እቃ እቃ ላይ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ነጠላ ቁራጭና ትንሽ መሶብ ይበቃሉ፤ የፕላስቲክ ኬክና ፒዛ ከምን እንደመጣ አላውቅም፣ ልጆቹም አያውቁትም።

በእቃ እቃ ጥግ ልጁ በቤቱ ቋንቋ ይጫወት። ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን በኩል ካሉ ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ ሌላም ቋንቋ አለ። "በአማርኛ!" ካላችሁ ጨዋታው ይቆማል፣ ያ ልጅ ለሳምንት አይናገርም።

በአምስተኛው ሳምንት ምርጫው ሙሉ ይሆናል። ከ23 ልጅ የሚበልጥ ቦታ ያስፈልጋችኋል፣ አለበለዚያ የመጨረሻው ልጅ ምርጫ የለውም፦

• ትሪ 12
• እቃ እቃ 5
• ግንባታ 5
• ስዕል 4
• መጽሐፍ 2

ጠቅላላ 28 ቦታ። ለእያንዳንዱ ጥግ አንድ ጣውላ በልጁ ከፍታ ስቀሉ፣ በቦታው ብዛት ልክ ሚስማር ምቱ፤ ጫፉን ወደ ላይ አጥፉት። ለእያንዳንዱ ልጅ ክር የገባበት የሃይላንድ ክዳን ስጡት፤ ላዩ ላይ እሱ የመረጠው ምልክት ይሳል፦ ፀሐይ፣ ዶሮ፣ ጫማ። ስሙ በኋላ ይጻፍበታል። ክሩ ለሚስማሩ ብቻ ይብቃ፤ አንገት ላይ የሚገባ ርዝመት አይኑረው።

ሥርዓቱ አንድ ነው፦ ክፍት ሚስማር ካለ ክዳንህን ስቀልና ግባ። ከሌለ ሌላ ጥግ። መምህሯ አልከለከለችም፣ ሚስማሩ ሞልቶ ነው። ከሚስማር ጋር የሚከራከር ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁለት ልጅ በአንድ ሚስማር ላይ ቢጣላ፦ መጀመሪያ የደረሰውን አትመርምሩ፣ አይገኝም። "ምን ይሻላል?" ብላችሁ ዝም በሉ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ "ስጨርስ እጠራሃለሁ" ይላል። ካልተስማሙ እቃዋን ለዚያ ቀን አሳርፏት።

ደረጃ 7፦ በ35ቱ ደቂቃ እናንተ ምን ትሠራላችሁ

ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። ቆሞ የሚዞር መምህር ልጆቹን ይስባል፤ የሄደበት ሁሉ "ሚስ እዪኝ!" ይበዛል።

"ጎበዝ!" ማለትን ቀንሱ። እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ "አጨብጭቡላት" እየተባለ ያላደገ አበሻ የለም። ግን ለሁሉ ነገር ጎበዝ ከተባለ ልጁ እጁን ትቶ ዓይናችሁን ማየት ይጀምራል። በምትኩ ያያችሁትን ተናገሩ፦ "ሦስቱን ትልልቅ ከታች አደረግካቸው።" ወይም ጠይቁ፦ "እንዴት አወቅሽ?" "ምን ልትሠራ ነው?" ጥያቄ አንድ ይበቃል፤ ሁለተኛው ፈተና ይሆናል።

የምትገቡት በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ልጁ ራሱን ሊጎዳ ሲል፣ ሌላውን ሊጎዳ ሲል፣ እቃ ሊሰብር ሲል። ክዳኑን ለአምስተኛ ጊዜ አላገጠመም ማለት ምክንያት አይደለም። እጃችሁ ላይ ተቀመጡ ቢባል ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ማንሳት

ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር ወደ እያንዳንዱ ጥግ ሄዳችሁ በዝግታ ንገሩ። መሀል ክፍል ቆሞ ማጨብጨብ ሥራውን ያፈርሳል። ከዚያ አንድ መዝሙር፣ ሁልጊዜ ያው አንዱ፤ ሲያልቅ እቃው ቦታው ላይ ይሁን። እያንዳንዱ እቃ ያለበት ቦታ ላይ የእቃው ቅርጽ በቀለም ይሳል፤ ልጁ የጀበናዋን ጥላ አይቶ ጀበናዋን ይመልሳል።

መጨረሻ ላይ ሦስት ልጆች ብቻ የሠሩትን ይናገሩ። ሁሉም ከተናገረ የመጀመሪያው ተናጋሪ ተኝቷል።

ደረጃ 9፦ ውሃና አሸዋ (ሳምንት 6)

ይህ ውጭ ነው፣ ከረዳቷ ጋር። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ ባልዲ ለቀኑ ይበቃል፤ ሲያበቃ ለአትክልት ይፍሰስ።

1. ሰፊ ሳፋ በርጩማ ላይ አስቀምጡ። ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር በታች ይሁን።
2. በአንድ ሳፋ አራት ልጅ፤ እጅጌ እስከ ክንድ ይጠቅለል። ከማዳበሪያ የተሰፋ ሽርጥ ይልበሱ፣ የወላጅ ቁጣ ግማሹ ዩኒፎርም ነው።
3. የሚሰጥ እቃ፦ የተበሳ ሃይላንድ፣ ጭልፋ፣ ወንፊት፣ ማፍሰሻ። አንድ ቀን የሚንሳፈፍ፣ አንድ ቀን የሚሰምጥ ይጨመር።
4. ሲያበቃ ሳፋው ወዲያው ይደፋ። የግቢው በርሜልና ሮቶ ክዳን መቆለፉን ረዳቷ በየጠዋቱ ትይ። ትንሽ ልጅ በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ ባልዲ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል።

ጭቃ ከፈለጋችሁ አፈራችሁን እወቁ። በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው ዋልካ ነው፤ ልጁ የሠራት ድስት ሲደርቅ ተሰነጣጥቃ ትፈርሳለች፣ እሱም ያለቅሳል። ደቃቅ ጭድና ጥቂት አሸዋ ለውሱበት። ወይም ሳታለውሱ ተዉትና "ለምን ተሰነጠቀ?" የሚለውን ልጆቹ ይከራከሩበት፤ አንዱ "ውሃ ጠማው" አለኝ።

ፊደልና ቁጥር እንዴት ይገባል

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አታስገቡ። 33 ፊደል በ7 ተባዝቶ 231 ቅርጽ ነው፤ በገበታ ላይ በዜማ የሸመደደው ልጅ "ሩ" ብቻዋን ስትመጣ አያውቃትም።

1. በልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል ጀምሩ።
2. ፊደሉን በወፍራም ካርቶን ላይ ሳሉ፣ ሙጫ ቀቡ፣ ደቃቅ አሸዋ ነስንሱበት፤ ይድረቅ። ልጁ በሁለት ጣት እየዳሰሰ ድምፁን ይበል።
3. ቀጥሎ ጠቆር ያለ ትሪ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ አድርጉና በጣቱ ይጻፍ። ነቅነቅ ሲያደርገው ይጠፋል፤ ላጲስ የለ፣ የተቀደደ ወረቀት የለ።
4. ለ፣ ሰ እና በ በአንድ ቀን አይቅረቡ፤ ይመሳሰላሉ።
5. ሰ፣ ነ እና ተን ከካርቶን ቁረጡ፤ ለብቻው ደግሞ ትንሽ "ቆብ" ቁረጡ። ልጁ ቆቡን ሲያስቀምጥ ሸ፣ ኘ፣ ቸ ይሆናሉ። ይህን ትሪ ስታወጡ ሁለት ሁለት አዘጋጁ፣ ይጣሉበታል።

ቁጥር ላይ ተጠንቀቁ። አራት ቆርኪ ላይ ጣቱን እያሄደ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት" የሚል ልጅ እስከ መቶ ሊዘምር ይችላል፤ መቁጠር ግን ገና ነው። ካርቶን ላይ አምስት ክብ ሳሉለት፤ በአንድ ክብ አንድ ቆርኪ ያስቀምጥ። ባዶ የቀረችው ክብ ትነግረዋለች። የወረቀት የእንቁላል መያዣ ለዚህ ይመቻል ትላላችሁ፤ አይታጠብም፣ ተዉት።

ሲበላሽ

የሚዞር ልጅ። ምንም ሳይመርጥ 35 ደቂቃ ይዞራል። ሦስት ቀን ተዉት፣ እያየ ነው። በአራተኛው ቀን ሁለት ትሪ ብቻ አሳዩትና "ይቺን ወይስ ያቺን?" በሉት።

አንዲት ትሪ ላይ የተጣበቀ ልጅ። ሦስት ሳምንት ሃይላንድ ብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዘዴውን እየለወጠ ከሆነ አትንኩት። እንደ ማሽን እየደገመ ዓይኑ ውጭ ከሆነ ያችኑ ሥራ አክብዱለት፦ ዓይኑን ሸፍኖ ይግጠም።

አሸዋ የሚወረውር። አንድ ጊዜ፦ "አሸዋ ሳፋ ውስጥ ነው።" ሁለተኛ፦ ክዳኑ ከሚስማሩ ይውረድ፣ ሌላ ጥግ ይምረጥ። ስብከት የለም። ዓይን ውስጥ የገባ አሸዋ አይታሽም፤ በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠብ።

እቃ የሚሰርቅ ኪስ። ቆርኪ በየቀኑ ይጎድላል። ሌባ አትፈልጉ። በር ላይ "የረሱ ኪሶች" የሚል ቅርጫት አኑሩ፤ ሲወጡ ሁሉም ኪሱን ይዳስስ።

ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲፈርስ። ይሆናል፣ በተለይ ከገና እና ከፋሲካ በዓል ማግስት። ግማሹን ትሪ አንሱና ወደ ሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። ሁለት ቀን ይወስዳል።

ወላጅ "ደብተሩ ባዶ ነው" ሲል

ይላል። "ሚስ፣ ለጨዋታ ነው እንዴ የምከፍለው?" ከተባላችሁ ስለ ልጅ እድገት ንግግር አትጀምሩ። ወንበር ስጡ፣ ትሪ ቁጥር 2ን አምጡ፣ "አባቱ፣ እስቲ ምስሩን በማንኪያ አዛውሩልኝ፣ ሳይፈስ" በሉ። ይሞክራሉ፣ ይፈሳል፣ ይስቃሉ። ከዚያ ጣታቸውን አሳዩአቸው፦ ማንኪያውን በሦስት ጣት ነው የያዙት፤ እርሳስም የሚያዘው እንደዚሁ ነው። በየሳምንቱ አርብ ለልጁ አንድ ሥራ ወደ ቤት ስጡት፦ አሥር ባቄላ ቆጥሮ ያምጣ፣ የእናቱን ሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ይናገር። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ "ዛሬ ስድስቱንም ክዳን ለብቻው ገጠመ" ብሎ የተጻፈ አንድ መስመር ከአሥር ገጽ ሀ ሁ ይበልጥ ይነበባል።

መዝገብና መቀየር

በቀን አምስት ልጅ ብቻ መርጣችሁ አንድ አንድ መስመር ጻፉ፦ ምን መረጠ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ የት ላይ ተቸገረ። 45 ልጅ በ9 የትምህርት ቀን ያልቃል፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። "ጥሩ ነው" ብላችሁ አትጻፉ፤ ከወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም።

አርብ ከሰዓት ደብተሩን ከፍታችሁ መደርደሪያው ፊት ቁሙ። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ያልነካት ትሪ ትውረድ። ሁሉም የሚሻማባት ትሪ ሦስተኛ ቅጂ ይሠራላት። ከሁለት በላይ አዲስ ትሪ በአንድ ሳምንት አይግባ፤ አዲሷም ሰኞ ጠዋት ሳትነገር መደርደሪያ ላይ አትገኝ፣ ከደረጃ 5 ጀምራ በምንጣፍ በኩል ትለፍ። ሽምብራውን ቁጠሩ፣ ነቀዝ የገባበትን አውጡ፣ ጨርቆቹን ለረዳቷ አስረክቡ፤ ሰኞ 3፡30 ላይ ደረቅ ሆነው ያስፈልጋሉ።